የደረሳ ሠራተኞች

ሲሬ፣ ጥር 12 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለተረፋ ገቢሳ፣ ስዊድን አገር፣ ኡፕሳላ።

ተረፋ ልጄ፣ አከም ጅርታ? በረዶ ባለበት አገር ጌታ ከነጤናህ ጠብቆ ያቆይህ። እኛ አለን። ዝናቡ ደህና ነበር፣ ከብቱም ሰላም ነው። አባትህ ያችን ፎቶግራፍህን በደረት ኪሱ ይዞ በየቅዳሜው ከነቀምቴ እየመጣ የሲሬን ገበያተኛ አንድ በአንድ ሲያሳይ ይውላል። ካፖርቱ ግን ሰፍቶሃል።

ደብዳቤ ከጻፍሁልህ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ዛሬ የጻፍሁት ቸግሮኝ ነው፣ አልዋሽህም። ረስተኸኝ እንደሆነ ላስታውስህ፤ አያትህና አባቴ ወንድማማቾች ናቸው፤ ልጅ ሳለህ ሳል ሲይዝህ የጣዝማ ማር በጣቴ ያላስሁህ አዳዳህ፣ አክስትህ ድርቤ እኔ ነኝ። ማሩን ከበላህ በኋላ ጣቴን ነክሰኸኛል፤ እሱን አልረሳሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ደረሳ ካረፈ ወዲህ መሬቱን የማሳርሰው እኔ ነኝ። ከመንገዱ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው የኑግ እርሻ ነው። በስተግርጌው ወንዙን ተከትሎ ያልታረሰ ጢሻ አለ፤ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ግራዋው፣ የወደቀ ግንዱ፣ ያልታጨደ ሣሩ። ቀፎዎቻችንም የተሰቀሉት እዚያ ነው። ደረሳ በሕይወቱ ሳለ እዚያ ጢሻ ውስጥ መጥረቢያ አያስገባም ነበር። ለምን ሲባል "መነ ሆጄቶታ ኮቲ" ይላል፤ የሠራተኞቼ ቤት ነው ማለቱ ነው። አንድም ሠራተኛ ቀጥረን አናውቅም፤ እሱም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ።

አሁን ወንድሙ ጨመዳ ጃርሳ ቢያ ዘንድ፣ የአገር ሽማግሌዎች ዘንድ ማለቴ ነው፣ ከሶኛል። "ሴት መሬቱን ጠፍ አድርጋዋለች፤ ሩቡ ጢሻ ነው፤ ለሚያርሰው ይሰጥ" ብሏል። ሽማግሌዎቹም የሚመጣውን አዝመራ አይተን እንፈርዳለን አሉ። ልጅ የለኝም። ይህ መሬት ከሄደ በሰው ደጅ አዳሪ ነኝ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ።

አንተ ስለ እርሻ ነው የምትማረው ይሉኛል። ምን ላድርግ? መልስህን በአባትህ ፖስታ ሣጥን ላክልኝ። ከፍቶ አስነብቦ ነው የሚያመጣልኝ፤ ደስታው ስለሆነ አልከለክለውም።

አዳዳህ ድርቤ


ኡፕሳላ፣ መጋቢት 3 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ ለወይዘሮ ድርቤ፣ የጌታ ሰላም ከቤትዎ አይራቅ። በትምህርቴ እየበረታሁ መሆኔን ስገልጽልዎ በታላቅ ደስታ ነው።

ስለጠየቁኝ ጉዳይ ምንም አይስጉ። የዘመናዊ እርሻ ትምህርት ለዚህ ያለው መልስ ግልጽ ነው። ጢሻ ማለት የአረምና የተባይ ሆቴል ነው። ፌንጣው እዚያ ይፈለፈላል፣ ወፉ እዚያ ይሸሸጋል፣ የአረሙ ዘር ከዚያ ይመጣል። ስለዚህ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ያስመንጥሩት፣ ያቃጥሉት፣ እስከ ወንዙ ጫፍ ድረስ ይረሱት። አንድ ክንድ ሣር እንኳ እንዳይተርፍ። ቀፎዎቹን ወደ ቤት ያስጠጉ። እዚህ አገር ትራክተር ከአድማስ እስከ አድማስ ሲያርስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በመካከሉ አንዲት ቁጥቋጦ አትታይም። ምርትዎ በሩብ እንደሚጨምር አረጋግጥልዎታለሁ። ያን ጊዜ አቶ ጨመዳ የሚሉት ያጣሉ።

አንድ ትንሽ ልመና አለኝ። መምህራችን ከየአገራችን ነፍሳት አስመጡ ብሎናል። ጢሻው ከመቃጠሉ በፊት ከዚያ ያገኙትን ሁሉ፣ ከእርሻው መካከልም ያገኙትን ሁሉ ለየብቻ በፀሐይ አድርቀው በክብሪት ሣጥን ይላኩልኝ።

አባቴ ይህን ሲያስነብቡ፣ ልጅዎ እንዳላሳፈረዎት ይወቁ።

አክባሪዎ ተረፋ ገቢሳ


ሲሬ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1955 ዓ.ም.

ተረፋ ልጄ፣ ነጋ ቡልቴ? ጌታ ያሰብኸውን ያሳካልህ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ፤ ለእኔ ብቻ መሰለህ እንዴ? አባትህ እሑድ ይዞት መጥቶ መምህር ቀነዓ ከስብከት በኋላ በጉባኤው ፊት አነበበው። "የተባይ ሆቴል" የሚለው ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ሳቀ። አባትህ ነጭ ጋቢውን ደርቦ ቆሞ ነበር፤ ሲነበብ ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፣ በቃሉ ይዞት ኖሯል። ሦስት ጎረቤቶቼም ተነሥተው የየራሳቸውን ዳርቻ መነጠሩ። የስዊድን ወረቀት ነዋ!

እኔም አቃጠልሁት። ሦስት ቀን ነደደ። ዋንዛውን ሲቆርጡ ቤት ገባሁ፣ ማየት አልቻልሁም። ቀፎዎቹን ወደ ጓሮ አምጥተናል።

አንድ ነገር አልደብቅህም። በወንዙ መታጠፊያ ያለውን ጥግ ትቼዋለሁ፤ ከሃያ እርምጃ አይበልጥም። እዚያ የደረሳ የጣዝማ ምልክት አለ። እንደምታውቀው ጣዝማ በምድር ውስጥ የምትኖር ትንሽ ንብ ናት፤ ቀዳዳዋን አስቀድሞ ያገኘ ሰው ድንጋይ ያኖርባታል፣ ሌላ ሰው አይነካትም። ያኖረው ሰው ከሞተ ደግሞ ከሥጋ ዘመዱ በስተቀር ድንጋዩን የሚያነሣ የለም። እኔ ሚስት እንጂ ሥጋ አይደለሁም። አትቆጣኝ።

ክብሪት ሣጥኖቹን ልኬአለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ዘመድ ባሕር አሻግሮ ያስተማረህ ዝንብ ልትቆጥር ነው ወይ ብዬ ስቄአለሁ። ሳይቃጠል በፊት ከጢሻው በአንድ ረፋድ ሃያ ስድስት ዓይነት ለቀምሁ፤ ንብ ብቻ እንኳ አምስት ዓይነት ነው፣ አንዷ አረንጓዴ ናት፣ ከዚህ በፊት ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም። ከእርሻው መካከል ግን ያገኘሁት አራት ዓይነት ነው። ስለዚህ የጢሻው ስድስት ሣጥን፣ የእርሻው አንድ ሣጥን ሆነ። የሰነፍሁ እንዳይመስልህ።

አዳዳህ


ኡፕሳላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ሣጥኖቹ በመርከብ ሦስት ወር ተጉዘው ደረሱ። መምህራችን አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር አያቸው። በጣም ተደሰተ። አንዳንድ ነገሮችንም ጠየቀኝ።

አዳዳ፣ ኑጉ እንዴት ነው? አበባ ሲያወጣ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ከእርሻው መካከል አንድ የኑግ እግር አጠገብ ይቁሙና ስንት ንብ፣ ስንት ዝንብ እንደሚያርፍበት ይቁጠሩ። ከዚያም በዚያ በተውት ጥግ አጠገብ እንዲሁ ያድርጉ። ሰዓት ስለሌለዎት አንድ መዝሙር አራቱንም አንቀጽ ዘምረው እስኪጨርሱ ይቁጠሩ። ቁጥሩን ይጻፉልኝ።

ጥጉን አሁን ባይነኩት ይሻላል። ለትምህርቴ ያህል ነው እንጂ ምንም አይደለም።

አባቴን ሰላም ይበሉልኝ።

ተረፋ


ሲሬ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1956 ዓ.ም.

ተረፋ ልጄ፣ አዲሱ ዓመት የምሕረት ያድርግልህ።

መጀመሪያ የጠየቅኸኝን። ኑጉ አምሮ አብቧል። ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው፤ መንገደኛው ከአውቶቡስ አንገቱን አውጥቶ ያየዋል። ከመካከሉ ቆሜ መዝሙሩን አራቱንም አንቀጽ ዘመርሁ። ሁለት ዝንብ መጣ፣ አንዱ እኔ ላይ ነው ያረፈው። ጥጉ ዘንድ ሄጄ ስዘምር ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሠላሳ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

አሁን ያልጠየቅኸኝን ልንገርህ። እርሻው ዝም ብሏል። በፊት በዚህ ወር ኑግ ውስጥ ስገባ ድምፁ እንደ ወፍጮ ቤት ነበር፤ ደረሳን ከማዶ ስጠራው አይሰማኝም ነበር። ዘንድሮ የራሴን እግር ኮቴ እሰማለሁ። ከአምስቱ ቀፎ ሦስቱ ባዶ ናቸው፤ ንቡ ጥሎ ሄዷል። አስቀድሞ ያበበውን ራስ በእጄ አሸሁት፣ ገለባ ነው። ሌላ አሸሁ፣ ገለባ ነው።

ፈርቻለሁ ልጄ። ሽማግሌዎቹ በጥር ይመጣሉ። አንተ ደግሞ የምትጽፍልኝ በሽታውን አውቆ ለበሽተኛው እንደማይነግር ሐኪም ነው። መምህርህ የጠየቀህ ያ "አንዳንድ ነገር" ምንድን ነው? ለትምህርት ከሆነ ጥጉን አትንኪ ለምን አልኸኝ? ቶሎ መልስልኝ።

አዳዳህ


ኡፕሳላ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረስዎ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ፈተና ነበር። እዚህ ቀኑ እጅግ አጥሯል፤ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል።

ስለ ኑጉ፣ ምናልባት ዘሩ አሮጌ ይሆናል። ወይም ዝናቡ በአበባው ጊዜ አብዝቶ ይሆናል። በአንድ ዓመት ምርት ብቻ መፍረድ አይቻልም። ተጨማሪ መጽሐፍ እያገላበጥሁ ነው።

አባቴ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ሰምቻለሁ፤ ተሻላቸው ወይ? ስለ እርሳቸው ጤና ይጻፉልኝ።

ተረፋ


ሲሬ፣ ጥር 29 ቀን 1956 ዓ.ም.

ተረፋ፣

የአባትህ ጉልበት ደህና ነው። የእኔን ጉዳይ ስማ።

ኑጉን ወቃን። አምና ስድስት ዳውላ የሰጠው መሬት ዘንድሮ እስከ ወንዙ ታርሶ አንድ ዳውላ ከግማሽ ሰጠ። የሦስቱ ጎረቤቶቼም እንዲሁ ነው። ሽማግሌዎቹ በጥር ሃያ መጡ። አለቃቸው ኦቦ ዋጋሪ ናቸው፣ ደግ ሰው ናቸው፤ አባትህም በክብር ተጠርቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ጨመዳ "መሬቱ ሴትዮዋን ጠልቷታል" አለ።

እኔም አቃጥለሽ እረሺ የሚል ወረቀት መጥቶልኝ እንጂ በራሴ አይደለም አልሁ። ሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ወረቀቱማ ልክ ነው፤ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው።" አባትህ ተነሥቶ "ልጄ አንድ ክንድ ሣር እንዳይተርፍ ብሎ ጽፏል፤ እሷ ሃያ እርምጃ ጥግ ትታለች፤ ተባዩ ከዚያ ወጥቶ ነው የጎረቤቱን ሁሉ የበላው" አለ። መምህር ቀነዓ ወረቀቱን አምጥቶ እንደገና አነበበው። እውነት ነው፣ እንዲህ ብለህ ጽፈሃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከሁለቱም ጋር ተፋጠጥሁ።

ፍርዱ ይህ ነው። ወረቀቱ ያዘዘውን ሙሉ በሙሉ እንድፈጽም፤ ግንቦት አንድ ቀን ጨመዳ፣ የሟቹ ሥጋ ነውና፣ የወንድሙን ድንጋይ አንሥቶ ጥጉን እንዲያቃጥል፤ መሬቱንም እሱ እንዲይዝ። እስከዚያ የምለው ነገር ካለኝ እንድናገር ቀን ሰጡኝ። እኔ የምለው የለኝም። የሚለው ነገር ያለው አንተ ነህ።

ደብዳቤህ በአባትህ እጅ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ለምን ዘሩ አሮጌ ነው፣ ዝናቡ በዝቷል እንደምትለኝም ገብቶኛል። እኔም አባት ነበረኝ። ግን ልጄ፣ ሳል ሲይዝህ ያላስሁህ ማር ከዚያች ቀዳዳ የወጣ ነው። የምታውቀው ካለ ጻፍ። ምንም የማታውቅም ከሆነ አላውቅም ብለህ ጻፍ፣ እሱም ይጠቅመኛል።

ድርቤ


ኡፕሳላ፣ መጋቢት 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

አዳዳዬ፣

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ስቀድድ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የሰላምታውን ቃል እንኳ ማግኘት አቅቶኛል፤ እንዲሁ ልጀምር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሣጥኖቹ የተከፈቱ ዕለት መምህሬ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ "ይህ ሃያ ስድስት ዓይነት ያለበት ቦታ አሁን እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ደህና ነው" አልሁት። ስለ ኑግ የማውቀውን ጠየቀኝ፤ አበባው ቢጫ ነው ከማለት በቀር አላውቅም ነበር። ስበላው ያደግሁትን ዘይት። ያን ዕለት ያስተማረኝን ልንገርዎ። ኑግ በራሱ አበባ ዱቄት አያፈራም። ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እግር የአበባውን ዱቄት የሚያደርስለት ይፈልጋል፤ የሚያደርሱለትም ንቦች፣ ዝንቦችና እነዚያ በስም የማናውቃቸው ናቸው። እነሱ የታረሰ መሬት ውስጥ አይኖሩም። አንዷ በወደቀ ግንድ ውስጥ፣ አንዷ በደረቀ አገዳ ውስጥ፣ አንዷ እንደ ጣዝማ ያልተነካ ምድር ውስጥ ነው ቤቷ። ኑግ የሚያብበው ደግሞ አንድ ወር ተኩል ብቻ ነው። የቀረውን ወር ምን ይበላሉ? በጥር ግራዋው፣ ከዚያ ዋንዛው፣ ከዚያ ብሳናው ነበር የሚያበላቸው። እኔ ቤታቸውን አቃጥሉ፣ ቀለባቸውን ቁረጡ ብዬ ጻፍሁ።

ኦቦ ደረሳ የሠራተኞቼ ቤት ነው ይሉ የነበረው ቀልድ አልነበረም። እርስዎ መጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ጽፈውልኝ ነበር። አንብቤ አለፍሁት፤ ስቄበታለሁም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በነሐሴ ነው። ሰባት ወር ዝም አልሁ። ለምን እንደሆነ እርስዎ ደርሰውበታል።

አባዬ፣ አሁን እየሰሙ እንደሆነ አውቃለሁ። ፎቶግራፌን ለሰው ሲያሳዩ "ተሳስቷል" የሚል ሰው ፊትዎ እንዲቆም አልፈለግሁም። ሲቆጡ አልፈራዎትም፣ ሲያፍሩ ግን ማየት አልችልም፤ በዚህ ርቀት እንኳ። በዚህ ምክንያት አዳዳ መሬታቸውን ሊያጡ ነው። ያደረግሁት ይህን ነው።

ጥጉን ማንም እንዳይነካው። የወደቀ ግንድ ካለ አይነሣ። በወንዙ ዳር አሥር እርምጃ ሳይታረስ ይቅር፣ ሣሩ ሳያብብ አይታጨድ፣ ግራዋ ይተከልበት። በአንድ ዓመት አይመለሱም፤ ጥጉ ካለ ግን ከዚያ እየወጡ ይመለሳሉ። የታጠፈውን ወረቀት መምህር ቀነዓ የፊተኛውን ባነበበበት ቦታ ቆሞ ያንብበው።

ተረፋ

(በውስጡ የነበረው ወረቀት)

ለሲሬ ጉባኤ። አምና ዳርቻችሁን አቃጥሉ ብዬ ጽፌ ነበር። የጻፍሁት ሳላውቅ ነው። ወይዘሮ ድርቤ ያዘዝኋቸውን ፈጽመዋል፤ ኑጉን ያመከነው የእሳቸው እጅ አይደለም፣ የእኔ ወረቀት ነው። በተዉት ጥግ ያሉት ተባዮች አይደሉም፤ ኑጋችሁን የሚያፈሩት እነሱ ናቸው። እባካችሁ የቀረውን አትንኩ። ይቅር በሉኝ። ተረፋ ገቢሳ።


ሲሬ፣ ሰኔ 8 ቀን 1956 ዓ.ም.

ተረፋ ልጄ፣ በሰላም ያለህበት ጌታ ይባረክ።

የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ሚያዝያ ሙሉውን ጠበቅሁ። በየቅዳሜው የአውቶቡሱን ሹፌር እሸቱን እጠይቃለሁ፣ የለም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። አባትህ ደግሞ በመጨረሻው ቅዳሜ ወደ ሲሬ ሳይመጣ ቀረ። ኋላ እሸቱ "የውጭ አገር ቴምብር ያለበት በኦቦ ገቢሳ እጅ አይቻለሁ" አለኝ። ገባኝ። ማንንም አልወቀስሁም፤ እቤቴ ገብቼ አለቀስሁ።

ግንቦት አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። ጨመዳ መጥረቢያና እሳት ይዞ መጣ። እኔ በጥቅምት ስቆጥር ለየብቻ የለቀምሁትን፣ በጥር ያላስታወስሁትን የኑግ ራስ በሁለት ጨርቅ ቋጥሬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። ኦቦ ዋጋሪ "ድርቤ፣ የምትይው አለሽ?" አሉ። አለኝ ለማለት አፌን ስከፍት አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቆመ። አባትህ ወረደ። ጋቢ አልደረበም። እርሻውን ሰንጥቆ መጥቶ ደብዳቤውን አወጣ፤ ፖስታው ተከፍቷል፣ ከመታጠፉ ብዛት ሊበጣጠስ ደርሷል።

"አሥራ አንድ ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር" አለ። "ልጁ እውነት ጽፎ አባቱ ደበቀው ከሚባል እኔ ልፈር። ቀነዓ፣ አንብበው።"

መምህር ቀነዓ አነበበው፤ የጉባኤውን ብቻ አይደለም፣ አባትህ ሁሉንም አንብብ አለው። አባዬ የሚለው ቦታ ሲደርስ አባትህ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ማንም አልሳቀም።

ጨመዳ ግን ዝም አላለም፣ እውነቱንም ነው። "አንዱ ወረቀት አቃጥሉ አለ፣ አንዱ ወረቀት አትንኩ ይላል፤ የትኛውን እንመን?" አለ። ያን ጊዜ ጨርቆቹን ፈታሁ። ይህኛው ከእርሻው መካከል ነው፣ ይህኛው ከዚህ ጥግ አጠገብ ነው አልኋቸው። ኦቦ ዋጋሪ የመካከሉን አሹት፤ ነፋስ ወሰደው። የጥጉን አሹት፤ መዳፋቸው በጥቁር ፍሬ ሞላ። ለጨመዳ ዘረጉለትና "ይኸውልህ፣ ይህ ወረቀት አይደለም" አሉ። እሱም አንድ ፍሬ አንሥቶ በጥርሱ ሰበረ። ዘይት አለው።

ከዚያ ኦቦ ዋጋሪ "ደረሳ ይህን ጢሻ ምን ይለው ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። የሠራተኞቼ ቤት አልኋቸው። እሳቸውም ፈረዱ፤ "ሠራተኛ የሚያድርበት መሬት ጠፍ አይባልም።" እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ለካ እንዲህ ነው። ጨመዳ መጥረቢያውን አንሥቶ ሄደ። እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። የወንድሙን ድንጋይ ግን አላነሣውም።

መሬቱ በእጄ ነው። ስጋቴ ግን አላለቀም፣ አልዋሽህም። አምስቱም ቀፎ አሁን ባዶ ነው። የወንዙን ዳር አሥር እርምጃ ትቼ ግራዋ ተክያለሁ፤ ከጉልበቴ አያልፍም። ደረሳ ያሳደገውን ዋንዛ በዕድሜዬ አላየውም። ኑጉን ልዘራ ነው፤ መስከረም ምን እንደሚያሳየኝ ጌታ ያውቃል። አንተንም ተቀይሜህ ነበር፤ ከሰባቱ ወር አንዱ ገና አልወጣልኝም፣ ስትመጣ ታወጣዋለህ።

አባትህ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ነቀምቴ አልተመለሰም። እኔ ቤት ነው ያለው። በማግሥቱ ማለዳ ጥጉ ዘንድ ሄዶ "የትኞቹ ናቸው?" አለኝ። ቀዳዳዋን አሳየሁት። በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ተንበርክኮ አያት። "ልጄ ባሕር የተሻገረው ይህችን ለማወቅ ነው?" አለ። አዎ አልሁት። "ደረሳ ሳይሻገር ያውቅ ነበር" አለ። ሲነሣ ደግሞ "ደረሳ ግን አልጻፈውም" አለ።

አሁን በየማለዳው ሄዶ ይቀመጣል። እንዴት እንደሚቆጠር አስተምሬዋለሁ። መዝሙሩን በዚያ በሻከረ ድምፁ አራቱንም አንቀጽ ይዘምርና የገቡትን ይቆጥራል፤ ተመልሶም ደብዳቤ እስክጽፍ ድረስ ቁጥሩን በቃሉ ይዞ ይቆየኛል። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቆሟል፣ ይህንንም ጻፊለት ይለኛል። ትናንት ዝናብ ስለነበረ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ዛሬ አርባ ሁለት ናቸው።

አዳዳህ ድርቤ